ስለ አዳዲስ የፋብሪካ ቃላት፦ የመኪና ዐይንና የሰው እጅ

በዚህ ዘመን በየቤታችን ማዕድ ዙሪያ የሚሰሙት የእጅ ሥራና የፋብሪካ ቃላት በቍጥር እየበዙ፥ ትርጓሜያቸው ግን እየራቀ ሄዷል። በቴክኒክ ትምህርት ቤት የሚማረው ልጅ ስለ ፒ. ኤል. ሲ. ይናገራል፤ በፋብሪካ ሥራ የያዘችው እኅቱ ስለ ሴንሰርና ስለ ሮቦት ታወራለች፤ ለመሥሪያ ቤቱ አዲስ መሣሪያ እንዲገዛ ፊርማውን እንዲያኖር የተጠየቀው አባትም በወረቀቱ ላይ ስካዳ፥ ክላውድ፥ አይ. ኦ. ቲ. የሚሉ ስሞች ተደርድረው ያገኛል። አባት ይህን ቃል አላውቀውም ማለት ያሳፍረዋል፤ እናትም ልጆቿ ሲነጋገሩ ዝም ብላ ታዳምጣለች። ያላወቁትን መጠየቅ ነውር ባይሆንም በብዙ ቤት ያለው ሁኔታ እንዲህ ነው። ስለዚህ በዛሬው ዐምዳችን ከነዚህ ቃላት ዋና ዋናዎቹን መርጠን፥ ከየት እንደ መጡና ምን እንደሚሠሩ ለክቡራንና ለክቡራት አንባቢዎቻችን ለመግለጽ አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቃላቱን ከመዘርዘራችን በፊት ግን አንድ ነገር እናሳስባለን። የመሣሪያዎቹ ስም ብዙ ቢሆንም ስለ እያንዳንዱ ሊጠየቅ የሚገባው ሦስት ነገር ብቻ ነው። ዐይኑ ምንድን ነው? ትእዛዙን የጻፈለት ማን ነው? የተሳሳተ እንደ ሆነስ የሰው እጅ በየት በኩል ገብቶ ይመልሰዋል? ነጋዴዎች ስለ ፊተኞቹ ሁለቱ አብዝተው ይናገራሉ፤ ስለ ሦስተኛው ግን ካልተጠየቁ በቀር አይናገሩም።

ነገሩን ከሩቅ አገር ከመጀመር ከጓዳ መጀመር ይሻላል። እንጀራ የምትጋግር ሴት ምጣዱን በጎመን ዘር አስሳ ሊጡን ከማዞርዋ በፊት የእሳቱን ኀይል በፊቷና በእጅዋ ትለካለች። ሊጡን ካዞረች በኋላ ዐይን እስኪያወጣ ትጠብቃለች፤ ዐይኑ ሲወጣ ትከድነዋለች። እንጀራው ከሥሩ ያረረ እንደ ሆነ ማገዶውን ወደ ውጭ ትስባለች፤ ዐይን ሳያወጣ የቀረ እንደ ሆነ እሳቱን ትጨምራለች። የመጀመሪያዪቱም እንጀራ የምጣድ ማሟሻ መባሏ፥ ለመብል ሳይሆን የምጣዱን ጠባይ ለማወቅ ስለምትጋገር ነው። እንግዲህ የዛሬዎቹ መሐንዲሶች በየፋብሪካው የሚሠሩት ይህንኑ ነው። የሴትዮዋን ዐይንና ቆዳ የሚተካው ሴንሰር ይባላል፤ ይኸውም ሙቀትን፥ ግፊትን፥ ፍጥነትን ወይም ብርሃንን ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ምልክቱን ከተሰጠው ልክ ጋራ አስተያይቶ ምን እንዲደረግ የሚወስነው ኮንትሮለር ይባላል፤ እርሱም በአእምሮዋ ፈንታ ነው። ውሳኔውን የሚፈጽመው፥ ቧንቧ የሚከፍተውና የሚዘጋው፥ መዘውር የሚያዞረው አክቹዌተር ይባላል፤ እርሱም በእጅዋ ፈንታ ነው። ከሥራው የተገኘው ውጤት ተመልሶ ለሚቀጥለው ውሳኔ መነሻ ሲሆን ፊድባክ ይባላል፤ እርሱም የምጣድ ማሟሻዪቱ ነገር ነው። እነዚህን አራት ቃላት ያወቀ ሰው የቀሩትን ለማወቅ አይቸግረውም።

ፊድባክ በስሙ አዲስ ይምሰል እንጂ በሥራው እጅግ የቈየ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው ክቴሲቢዮስ የውኃ ሰዓቱ በእኩል ልክ እንዲፈስ በውኃው ላይ የምትንሳፈፍ መክደኛ አበጅቶ ነበር፤ ውኃው ሲሞላ መክደኛዪቱ ከፍ ብላ መግቢያውን ትዘጋለች፥ ሲጐድልም ዝቅ ብላ ትከፍታለች። ዛሬ በየቤታችን ጣራ ላይ በቆመው የውኃ ሮቶ ውስጥ ያለችው ተንሳፋፊ ኳስ የዚያች የእስክንድርያዪቱ ልጅ ናት ቢባል ሐሰት አይሆንም። በ1788ም የስኮትላንድ ተወላጅ የሆነው ጄምስ ዋት፥ አሳቡ ቀድሞ በንፋስ ወፍጮ የታወቀ ቢሆንም፥ በእንፋሎት መኪናው ላይ ሁለት የሚሽከረከሩ የብረት ኳሶች ሰቀለ። መኪናው ከልክ በላይ ሲፈጥን ኳሶቹ ወደ ውጭ እየተበተኑ የእንፋሎቱን መግቢያ ያጠባሉ፤ ሲዘገይ ወደ ውስጥ እየተሰበሰቡ ያሰፉታል። ይህንም መሣሪያ ገቨርነር ብለው ጠሩት፤ በእኛ ቋንቋ አገረ ገዥ ማለት ነው። ሹማምንት አንባቢዎቻችን ይህን ስም ሳይወዱት አይቀሩም፤ ጥቂት የፈጠነውን የሚያግድ፥ ጥቂት የዘገየውን የሚለቅ ነውና። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ኖርበርት ዊነር በ1948 ስለዚህ ጕዳይ ባሳተመው መጽሐፍ ለዕውቀቱ ስም ሲፈልግ ከግሪክ የመርከብ መሪ የሚለውን ቃል አምጥቶ ሳይበርኔቲክስ አለው። ገቨርነር የሚለውም ቃል በላቲን በኩል ከዚሁ ከግሪኩ ቃል የወጣ ነው። ዛሬ ሰው ሁሉ ሳይበር ሲባል በኢንተርኔት የሚደረገውን ስርቆት ብቻ ያስባል፤ የቃሉ ሥር ግን መሪን ጨብጦ መርከብን ማቅናት ነው።

አውቶማቲክ የሚለው ቃል ግን ሰውን ያሳስታል። እርሱም ከግሪክ የመጣ ሲሆን በገዛ ራሱ የሚንቀሳቀስ ማለት ነው። ነገር ግን ማናቸውም መኪና በገዛ ፈቃዱ አይንቀሳቀስም፤ አንድ ሰው በሌላ ቀን፥ በሌላ ቦታ ተቀምጦ የወሰነውን ይፈጽማል እንጂ። አውቶሜሽን የሚለውን ስም ያስፋፋው የአሜሪካው የፎርድ አውቶሞቢል ፋብሪካ ነው፤ በ1947 በዚህ ስም የሚጠራ አንድ ክፍል አቋቁሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህን ያደረገው ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ መኪናው ነው ብሎ መመለስ በብዙ መሥሪያ ቤት ልማድ ሆኗል። ይህን መልስ ተቀብሎ የሚያልፍ ሹም ቢኖር የተቀመጠበትን የወንበር ሥራ አልሠራም ብለን እናስባለን።

ዲጂታል የሚባለው በላቲን ጣት ከሚለው ቃል የወጣ ነው፤ ሰው በጣቱ ስለሚቈጥር። በዲጂታል ሥርዐት ድምፁም፥ ሥዕሉም፥ ደብዳቤውም በ0ና በ1 ተቈጥሮ ይጻፋል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ከሽመና የተሻለ ምሳሌ የለም። የእኛ ሸማኔ ጥለቱን በአእምሮው ይዞ ክሩን በጣቱ እየለየ ያስገባዋል። በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ የነበረው ዮሴፍ ማሪ ዣካር ግን በ1804 ጥለቱን ከሸማኔው አእምሮ አውጥቶ በቀዳዳ ካርቶን ላይ ጻፈው። ካርቶኑ ቀዳዳ ባለበት ቦታ መርፌው ያልፋል፥ ክሩም ይነሣል፤ ቀዳዳ በሌለበት ቦታ መርፌው ይታገዳል፥ ክሩም በቦታው ይቀራል። ቀዳዳው 1፥ ድፍኑ 0 መሆኑ ነው። ካርቶኖቹ እንደ መጽሐፍ ቅጠል ተራ በተራ ተሰፍተው ስለሚያልፉ፥ ጥለቱን ከቶ አስቦት የማያውቅ ሰው መረገጫውን ብቻ እየረገጠ የነገሥታት ግምጃ ሊሠራ ቻለ። ፕሮግራም የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው፤ ከሰው አእምሮ ወጥቶ በሌላ ነገር ላይ የተጻፈ የሥራ ትእዛዝ። የሊዮን ሸማኔዎች በዚህ መኪና ላይ ቂም መያዛቸው አይፈረድባቸውም፤ እንጀራቸው የነበረው ዕውቀት በካርቶን ተሰፍቶ ሲሄድ አይተዋልና።

ፒ. ኤል. ሲ. የሚሉት የዚያ የካርቶን የልጅ ልጅ ነው። ትርጓሜው በፕሮግራም የሚታዘዝ ኮንትሮለር ማለት ነው። ቀድሞ በትልልቅ ፋብሪካዎች ውስጥ ኮንትሮለር የሚሆነው በቁም ሣጥን ውስጥ የተደረደረ ብዙ የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያ ነበር፤ ሪሌ ይባላል። ፋብሪካው አዲስ ዐይነት አውቶሞቢል ለመሥራት ባሰበ ጊዜ ያ ሁሉ ሽቦ ተፈትቶ እንደ ገና መታሰር ነበረበት። በ1968 ጄኔራል ሞተርስ የሚባለው ኩባንያ ይህን ድካም የሚያስቀር መሣሪያ እንዲሠራለት ጠየቀ፤ ዲክ ሞርሊ የሚባል መሐንዲስና ባልንጀሮቹም ሞዲኮን 084 የሚባለውን ሠርተው አቀረቡ። 084 የተባለውም ለእነርሱ 84ኛው ሥራ ስለ ነበረ ነው። ከዚያ ወዲህ ሽቦ መፍታት ቀርቶ ትእዛዙን ብቻ እንደ ገና መጻፍ በቃ። ከሁሉ ይልቅ የምናደንቀው ግን የአጻጻፉን ዘዴ ነው። ሠሪዎቹ ትእዛዙ በሒሳብ ሊቃውንት ቋንቋ ብቻ እንዲጻፍ አላደረጉም፤ የፋብሪካው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከዱሮ ጀምሮ ያውቀው በነበረው የሥዕል ዐይነት እንዲጻፍ አደረጉ። ሥዕሉ በግራና በቀኝ ሁለት ቋሚ፥ በመካከሉም ርብራብ ስላለው መሰላል ይባላል። ስለዚህ ሌሊት መኪናው ሲቆም ሠራተኛው መሰላሉን ከላይ ወደ ታች እያነበበ ትእዛዙ በየትኛው ርብራብ ላይ እንደ ተቋረጠ ያገኘዋል። የሰው እጅ የሚገባበትን በር ከመጀመሪያው አስቦ መሥራት ማለት ይህ ነው።

ሮቦት የሚለው ቃል ደግሞ ከፋብሪካ ሳይሆን ከቴአትር ቤት የወጣ ነው። የቼኩ ደራሲ ካሬል ቻፔክ በ1920 በጻፈው ቴአትር ውስጥ ለሥራ ብቻ የተፈጠሩ ሰው መሰል ፍጥረቶች ነበሩ፤ ስማቸውን ያወጣላቸውም ወንድሙ ዮሴፍ ነው። በቼክ ቋንቋ ሮቦታ ማለት ገበሬው ለባለ መሬቱ ያለ ዋጋ የሚሠራው የግዴታ ሥራ ነው፤ በአገራችን ገበሬው ለጕልተኛው ሁዳድ ያርስ እንደ ነበረ ያለ ነው። በኦስትሪያ መንግሥት ውስጥ ይህ ግዴታ በ1848 ቀርቷል፤ ስሙ ግን 70 ዓመት ያህል ቈይቶ በመኪና ላይ ተቀመጠ። እንግዲህ ሮቦትን በእኛ ቋንቋ ሁዳደኛ ብንለው ከምንጩ ያልራቀ ትርጓሜ ይሆን ነበር። በቴአትሩ ውስጥ ሁዳደኞቹ በመጨረሻ በጌቶቻቸው ላይ ይነሣሉ፤ በእውነተኛው ፋብሪካ ግን ነገሩ የተጀመረው በጸጥታ ነው። ዩኒሜት የተባለው የመጀመሪያው የፋብሪካ ሮቦት በ1961 በአሜሪካ በኒው ጀርሲ ባለው የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ ሥራውም ከቅርጽ ማውጫ የሚወጣውን የጋለ ብረት አንሥቶ ማስቀመጥ ነበር። ሰውን የሚያቃጥለውንና በጢስ የሚያፍነውን ይህን ሥራ ለመኪና መስጠት ማንንም አያሳዝንም።

ስለ ሮቦት ስንናገር ልጆቻቸውን ወደ ልብስ ፋብሪካ የላኩ ወላጆች የሚጠይቁንን እናውቃለን። በ2016 የተመረቀውን የሐዋሳን የኢንዱስትሪ ፓርክ የመሰሉ ቦታዎች ብዙ ወጣት ሴቶችን በስፌት ሥራ ላይ አሰማርተዋል። ይህ ሥራ በቶሎ ለሮቦት ያልተላለፈበት ምክንያት እንግዳ ነገር ነው፤ ጨርቅ ለስላሳ መሆኑ ነው። ብረት ባስቀመጡት ቦታ ቅርጹን ይዞ ይቆያል፤ ጨርቅ ግን ይታጠፋል፥ ይሸበሸባል፥ ይለጠጣል፤ የሴት ጣት በስፌት መርፌው ሥር ሁለቱን ጫፍ እያስተካከለች የምታሳልፈውን መኪና ገና በርካሽ አልቻለውም። ይህ ለዘለዓለም ይሆናል አንልም። በስፌት ላይ ያለች ልጅ ከሥራዋ ጎን የመኪናውን ጥገና ብትማር ግን ወላጆቿ ቢደግፏት መልካም ነው።

እስካሁን ስለ ስማቸው ተናገርን። ሲሳሳቱ የሚሆነውን ለመናገር ከራሳችን ኀዘን የሚቀርብ ምሳሌ የለንም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ. ም. በእኛ አቈጣጠር፥ ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ 302ኛ በረራ ከተነሣ ከ6 ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የ157 ሰው ነፍስ ጠፋ። ከዚያ ከአምስት ወር ያነሰ ጊዜ ቀድሞ፥ በኦክቶበር 29 ቀን 2018፥ ያው ዐይነት አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ባሕር ወድቆ 189 ሰው አልቆ ነበር። ቦይንግ 737 ማክስ በሚባለው በዚህ አውሮፕላን ውስጥ ኤምካስ የሚባል ትእዛዝ ተጽፎ ነበር። ትእዛዙም፥ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከልክ በላይ ወደ ላይ ያቀና እንደ ሆነ በጭራው ክንፍ በኩል ወደ ታች እንዲያዘነብለው የሚል ነው። አፍንጫው ማቅናቱን የሚያዩ ሁለት ሴንሰሮች በግራና በቀኝ ተተክለዋል፤ ነገር ግን ኤምካስ በአንድ በረራ የሚሰማው የአንዱን ብቻ ነበር። ያ አንዱ ሐሰት በተናገረ ጊዜ ኮንትሮለሩ እንደ ታዘዘው አደረገ፤ አክቹዌተሩም እንደ ታዘዘው አፍንጫውን ወደ ምድር ገፋ፤ አብራሪዎቹ ሲያቀኑት መልሶ ገፋ። ከመኪናው ወገን ትእዛዙን ያልፈጸመ አንድም አልነበረም።

ሦስተኛውን ጥያቄ እዚህ ላይ እናምጣው። የሰው እጅ የሚገባበት በር ነበረን? በስም ነበረ። አብራሪዎቹ ወደ ጭራው ክንፍ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ቈርጠው በእጅ በሚዞረው መንኰራኵር ሊመልሱት ሞክረው ነበር፤ አውሮፕላኑ በነበረበት ፍጥነት ግን የአየሩ ጭነት እጅግ ከብዶ መንኰራኵሩ ሊዞርላቸው አልቻለም። ከኢንዶኔዥያው አደጋ በፊትም ኤምካስ የሚባል ነገር መኖሩ እንኳ ለአብራሪዎች በተሰጠው መጽሐፍ አልተጻፈም ነበር። ከሁለቱ አደጋ በኋላ አውሮፕላኑ በዓለም ሁሉ ከበረራ ታግዶ፥ በአሜሪካ እገዳው የተነሣው በኖቬምበር 2020 ነው። በመካከሉም ትእዛዙ እንደ ገና ተጻፈ፤ ሁለቱን ሴንሰሮች እንዲያስተያይ፥ እነርሱ ሳይስማሙ ሲቀሩ እጁን እንዲሰበስብ፥ አብራሪው በክንዱ ሊመልሰው ከሚችለው በላይ እንዳይገፋ ተደረገ። አንድ ነገር ቢሰበር ሌላው እንዲተካው ሁለትና ሦስት አድርጎ ማኖር በመሐንዲሶች ቋንቋ ረደንዳንሲ ይባላል። ዳኛ በአንድ ምስክር ቃል ብቻ የሞት ፍርድ እንደማይፈርድ ያለ ነው፤ ለዚህ ቃል ከዚህ የበለጠ ትርጓሜ አናገኝም።

ስካዳ የሚባለው ደግሞ ለብዙ ሴንሰርና ለብዙ ኮንትሮለር የበላይ ተመልካች ነው። በአንድ ክፍል የተቀመጠ ሠራተኛ በመስኮት በመሰለ ሰሌዳ ላይ በሩቅ ያሉትን የውኃ ማጠራቀሚያዎች፥ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያዎችና ቧንቧዎች ያያል፤ ሳይነሣም ይከፍታል፥ ይዘጋል። ድካምን እጅግ ያቀለለ ነገር ነው፤ ነገር ግን በሩቅ ላለው ወዳጅ የተከፈተው በር በሩቅ ላለው ጠላትም ሊከፈት ይችላል። በዲሴምበር 23 ቀን 2015 በምዕራብ ዩክሬን የኤሌክትሪክ ሠራተኞች በሰሌዳቸው ላይ ጠቋሚዋ ያለ እነርሱ እጅ ስትንቀሳቀስ፥ ማከፋፈያዎቹንም አንድ በአንድ ስትዘጋ አዩ። ወደ 225 ሺህ የሚሆኑ ደንበኞች በክረምት ጨለማ ውስጥ ቀሩ፤ ሰዎቹ አቤት እንዳይሉም የኩባንያው ስልክ በሐሰተኛ ጥሪ ተጨናነቀ። መብራቱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የተመለሰው ግን ሠራተኞች በተሽከርካሪ ወደየማከፋፈያው ሄደው ማብሪያውን በእጃቸው ስለ መለሱት ነው። የአሮጌው ማብሪያ እጀታ ገና አልተነቀለም ነበር፤ የሚይዘውም ሰው ገና ሥራውን አልረሳም ነበር።

ከዚህ አምስት ዓመት ቀድሞ፥ በ2010፥ ስታክስኔት የተባለ ተንኰለኛ ትእዛዝ ተገለጠ። ይህ በኢራን በናታንዝ ባለው የዩራኒየም ማጣሪያ የሚሽከረከሩትን መኪናዎች የሚገዙ ፒ. ኤል. ሲ.ዎች ውስጥ ገብቶ ፍጥነታቸውን እየለዋወጠ ያሰባብራቸው ነበር። ይህን ሲያደርግ፥ መኪናዎቹ በደኅና ጊዜ የሰጡትን ምልክት አስቀድሞ መዝግቦ፥ ያንኑ ለተመልካቾቹ መልሶ ያሳያቸው ነበር። ስለዚህ ሠራተኞቹ ሁሉ ደኅና ነው የሚል ሰሌዳ እያዩ መኪናው ይሰበርባቸው ነበር። ጋጋሪዋ የምታየው ያንኑ የትናንቱን መልካም እንጀራ ቢሆን ዛሬ በምጣዱ ላይ የሚያርረውን በምን ታውቀዋለች? በአፍንጫዋ ታውቀዋለች፤ የፋብሪካው ሰውም ከሰሌዳው ተነሥቶ ወደ መኪናው ሄዶ ድምፁን እንዲሰማ፥ ሙቀቱን እንዲዳስስ የሚያዝዝ ደንብ ያስፈልገዋል።

አይ. ኦ. ቲ. የነገሮች ኢንተርኔት ማለት ነው። ስሙን በ1999 ያወጣው እንግሊዛዊው ኬቪን አሽተን ነው። ይህ ሰው ፕሮክተርና ጋምብል በሚባለው ኩባንያ ሲሠራ አንድ ዐይነት የከንፈር ቀለም ከመደብሮች መደርደሪያ ዘወትር እያለቀ፥ ማለቁን ግን ማንም እንደማያውቅ ተመለከተ። እያንዳንዱ ዕቃ ያለበትን ራሱ የሚናገርበት ትንሽ ምልክት ቢለጠፍበት ብሎ ያሰበው ያን ጊዜ ነው። ዛሬ ከመደርደሪያው አልፎ የበር ደወሉ፥ የግቢው ካሜራ፥ የውኃ መሳቢያው ሞተር ሁሉ ከኢንተርኔት ጋራ ተያይዞ በእጅ ስልክ ይታዘዛል።

ይህ ነገር ወደየቤታችን ስለ ገባ ለእመቤቶችና ለቤት አስተዳዳሪዎች ጥቂት እንጨምር። በ2016 ሚራይ የተባለ ትእዛዝ በዓለም ዙሪያ ያሉትን የቤት ካሜራዎችና የኢንተርኔት ማከፋፈያ ዕቃዎች እየፈለገ ይገባባቸው ነበር። የገባባቸውም በብልኀት አልነበረም፤ ፋብሪካዎች ለዕቃቸው የሚሰጡትን ከ60 የሚበልጥ የታወቀ የይለፍ ቃል ተራ በተራ ይሞክር ነበር እንጂ። ባለቤቶቹ ያን ቃል ሳይለውጡ ስለ ተዉት በሩ ተከፈተለት። በኦክቶበር 21 ቀን እነዚያ ካሜራዎች ሁሉ በአንድነት ዳይን በሚባለው ኩባንያ ላይ እንዲጮኹ ታዝዘው፥ በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ሰዎች ለሰዓታት የታወቁትን የኢንተርኔት ገጾች ሊከፍቱ አልቻሉም። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ግን በቤታቸው ያለው ዕቃ በሌሊት ለሌላ ጌታ ማደሩን አላወቁም። ስለዚህ ካሜራ የገዛ ሰው በመጀመሪያው ቀን፥ ግድግዳ ላይ ሳይሰቅለው፥ ፋብሪካው የሰጠውን የይለፍ ቃል ይለውጥ። በስልክ የሚታዘዝ የውኃ ሞተር ያስገባም በእጅ የሚዘጋው ቧንቧ እንዳይነቀል ያስጠንቅቅ፤ የት እንዳለም ለልጆቹና ለቤት ሠራተኞቹ ያሳይ፤ ኔትወርክ በጠፋ ቀን ቤቱን ከጎርፍ የሚያድነው እርሱ ነውና።

የቀሩትን ቃላት በአጭሩ እናልፋቸዋለን። ክላውድ ደመና ማለት ነው፤ ነገር ግን በሰማይ ያለ ነገር የለም፤ በሌላ ሰው ሕንፃ ውስጥ ያለ የሌላ ሰው ኮምፒዩተር ነው፥ ኪራይም ይከፈልበታል። ኤጅ የሚሉት ከዚህ ተቃራኒው ነው፤ ሩቅ ሳይላክ እዚያው በመኪናው አጠገብ መወሰን ነው። ዲጂታል መንትያ የአንድ መኪና ወይም ሕንፃ አምሳል በኮምፒዩተር ውስጥ ተሠርቶ፥ ከእውነተኛው ሴንሰሮች እየሰማ አብሮት የሚለወጥ ነው፤ እውነተኛውን ሳያበላሹ በመንትያው ላይ መሞከር ይቻላል። ኢንዱስትሪ 4.0 የሚለው ስም በ2011 በጀርመን በሃኖቨር የንግድ ትርዒት ላይ የተገለጠ ነው። አራተኛው የኢንዱስትሪ ዘመን ማለት ሲሆን፥ ከዚህ በላይ የጠቀስናቸውን ሁሉ በአንድ ጆንያ የሚከት ስም ነው። በግዢ ወረቀት ላይ ይህን ስም ያየ ሰው በጆንያው ውስጥ ያለው ምን እንደ ሆነ በዝርዝር እንዲጻፍለት ይጠይቅ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚለው ስያሜ ግን ጥቂት ያቆመናል። በቋንቋችን አስተዋለ ማለት ከማየት አልፎ ውስጡን መረመረ፥ ከክፉው ደጉን ለየ ማለት ነው። መኪናው የሚያደርገው ይህን አይደለም። ለምሳሌ ለገበያ የሚቀርብ ቡና የሚለቅም መኪና ለመሥራት፥ ሠሪዎቹ የብዙ ሺህ መልካም ፍሬና የብዙ ሺህ ብልሹ ፍሬ ሥዕል ያሳዩታል፤ መኪናውም የሁለቱን ልዩነት በቍጥር እያሰላ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ፍሬ ሲያልፍ ወደሚመስለው ወገን ይጥለዋል። እንደ ሞርሊ መሰላል ርብራብ በርብራብ የተጻፈ ትእዛዝ የለውም። ስለዚህ ትእዛዙን የጻፈው ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ፥ መልሱ ሥዕሎቹን መርጦ ያሳየው ሰው ነው የሚል ይሆናል። በታጠበ ቡና ሥዕል ብቻ የተማረ መኪና፥ ያልታጠበውን የሐረር ቡና ቀለም እንደ ጕድለት ቈጥሮ መልካሙን ፍሬ ከገለባው ጋራ ሊጥለው ይችላል። እንዲህ ያለውን መኪና የሚገዛ ነጋዴ ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት የየትኛውን አገር ቡና አሳያችሁት ብሎ ይጠይቅ፤ ከራሱም መጋዘን ሁለት ኩንታል አስመጥቶ፥ መኪናው የጣለውን ፍሬ ቡና በመልቀም ዕድሜያቸውን ባሳለፉ ሴቶች እጅ መልሶ ያስለቅም።